ዶከር ኢሜጅ ስንገነባ የግል ሪፖዚተሪን ቁልፍ ሳናስቀር እንዴት እንጠቀም

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶና ገላን አካባቢ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ዛሬ ሶፍትዌር ይሠራል። ሦስት አራት ወጣቶች አንድ ክፍል ተከራይተውና አንድ ኢንተርኔት ተካፍለው ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለጅምላ አከፋፋይ የሚሆን ሥርዓት ይገነባሉ። ቡድኑ ትንሽ ቢሆንም በእጁ የሚገባው ነገር ትንሽ አይደለም፤ የሰው የቁጠባ ሒሳብና የሰው የሕክምና መዝገብ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነዚህ ቡድኖች ነው። የዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል) በምንገነባበት ጊዜ ኮዱ የተቀመጠበትን የግል ሪፖዚተሪ (ለተፈቀደለት ብቻ የሚከፈት የኮድ ማከማቻ) ለመክፈት ቁልፍ ያስፈልገናል። ያ ቁልፍ ለአንዲት ትእዛዝ ብቻ ተውሰነው የምንመልሰው እንጂ ኢሜጁ ውስጥ የሚቀር መሆን የለበትም።

ትእዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መልሷቸው። ሰረዙ፣ የእኩል ይሆናል ምልክቱና ኮማው ባሉበት ይቀመጡ።

ቁልፉ ኢሜጁ ውስጥ የሚቀረው እንዴት ነው?

የዶከር ኢሜጅ ሌየር የሚባሉ ንብርብሮች ድምር ነው። ዶከርፋይል የግንባታው ትእዛዞች የሚጻፉበት ፋይል ነው፤ ፋይል የሚጨምር ወይም የሚለውጥ እያንዳንዱ መስመሩ አንድ ንብርብር ያክላል፤ አንዴ የታከለ ንብርብር ደግሞ አይፋቅም። በአንዱ መስመር «ኮፒ» ብላችሁ የኤስኤስኤች (ከሌላ ሰርቨር ጋር በምስጢር የሚያገናኝ መንገድ) ቁልፋችሁን አስገብታችሁ በሚቀጥለው መስመር «አርኤም» ብላችሁ ብትሰርዙት፣ ሁለተኛው ንብርብር የሚያደርገው ፋይሉን ከዓይን መሰወር ብቻ ነው። ቁልፉ በታችኛው ንብርብር ውስጥ ሙሉውን ተቀምጧል። ኢሜጁን ያገኘ ሰው በ«ዶከር ሴቭ» ወደ ታር ፋይል ለውጦ ንብርብሮቹን አንድ በአንድ ቢፈታ ያገኘዋል። ልዩ ችሎታ አይጠይቅም።

ቶክንን (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያገለግል ረጅም የፊደላት ሰንሰለት) በ«አርግ» (ለግንባታው ከውጭ ዋጋ በሚቀበል መስመር) በኩል ማሳለፍም ከዚህ አይሻልም። ሌላ ቡድን ሠርቶ የተወው ኢሜጅ ለጥገና ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ሰርቨር ላይ ከመጫናችን በፊት የሚከተለውን ትእዛዝ ሰጠን፦

ዶከር ሂስትሪ --ኖ-ትረንክ የኢሜጁ_ስም

ከወጡት መስመሮች አንዱ «ራን» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የተሰመረች አንዲት መስመርና 1 ቁጥር አሉ፤ ከዚያ የአርጉ ስም፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያም በ«ጂኤችፒ» የሚጀምረው የጊትሃብ (ሪፖዚተሪዎች የሚቀመጡበት ድረ-ገጽ) ቶክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊደሉ ተዘርግቷል። ያንን ኢሜጅ ያወረደ ሁሉ የቡድኑን የግል ሪፖዚተሪዎች የሚከፍት ቁልፍ አብሮ ወስዷል ማለት ነው። አርግ የተሠራው ለቁጥር፣ ለስምና ለእትም ነው፤ ለምስጢር አልተሠራም።

ሦስተኛው በጣም የተለመደ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቶክኑን በአድራሻው ውስጥ፣ ከጊትሃብ ስም በፊት ከ«@» ምልክት ጋር አስገብቶ ክሎን ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን መቅዳት ነው። የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም ያን አድራሻ እንዳለ ወስዶ «.ጊት» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው የኮንፊግ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ፎልደሩ ኢሜጁ ውስጥ ከቀረ ቶክኑም ቀረ።

ሌላው መንገድ እኛ አካባቢ ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንዱ ሰው ከግንባታው በፊት ቁልፉን ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ገልብጦ፣ ግንባታው ሲያልቅ የሚሰርዝ ስክሪፕት ይጽፋል። ኢንተርኔቱ ቀስ እያለ ግንባታው ሲጎተት መብራት ይጠፋል፤ ስክሪፕቱ ወደ መሰረዣው መስመር አይደርስም። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሌላ የሥራ ባልደረባ «ጊት አድ» ብሎ ያለውን ሁሉ ያስገባል። ደኅንነቱ በመጨረሻው መስመር ላይ የተንጠለጠለ አሠራር መጨረሻው ላይ መድረስ በማይቻልበት ቦታ አይሆንም።

ይህ በትልልቆቹም ደርሷል። ኮድኮቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በደረሰበት ጥቃት፣ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከድርጅቱ የዶከር ኢሜጅ አሠራር ስህተት የተነሳ አንድ የመዳረሻ ቁልፍ ከኢሜጁ ውስጥ ማውጣት ስለቻሉ ነበር። በዚያ ቁልፍ ደንበኞች በየቀኑ የሚያስኬዱትን ስክሪፕት ለወጡ፤ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 1 ማንም አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጀርመን የአኸን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 337,171 ኢሜጆችን መርምረው በ8.5 በመቶዎቹ ውስጥ ምስጢር አግኝተዋል።

ከመጀመር በፊት፦ ዶከሩንና ሰዓቱን ማየት

«ዶከር ቨርዥን» ብላችሁ እትሙን እዩ። የሚያስፈልገን ቢልድኪት የሚባለው የግንባታ ሞተር ነው። ከዶከር 18.09 ጀምሮ አለ፤ ከ23.0 ወዲህ ደግሞ ሳይጠየቅ በራሱ ይሠራል። እትማችሁ በሁለቱ መካከል ከሆነ ከእያንዳንዱ የግንባታ ትእዛዝ በፊት «ዶከር_ቢልድኪት=1» ብላችሁ ጻፉ። ብትችሉ ግን አሳድጉት።

የኮምፒውተሩን ቀንም ተመልከቱ። የማዘርቦርድ ባትሪው የሞተ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለስበታል። ያኔ ጊት የጊትሃብን የደኅንነት ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበልም። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያይ የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን ይዘጋውና ይገላገላል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ማረጋገጫው ከተዘጋ ቶክናችሁን ለጊትሃብ እየሰጣችሁ ይሁን መሃል ላይ ለተቀመጠ ሌላ ሰው የምታውቁበት መንገድ የለም። ቀኑን አስተካክሉ፤ ባትሪውን ቀይሩ።

አንደኛ፦ ለግንባታ ብቻ የሚሆን ቁልፍ መፍጠር

የራሳችሁን ቁልፍ፣ ማለትም ሁሉንም ሪፖዚተሪዎቻችሁን የሚከፍተውንና ኮድ መጻፍም የሚችለውን፣ ለግንባታ አትጠቀሙ። አዲስ ፍጠሩ፦

ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519 -ኤፍ ~/.ኤስኤስኤች/ግንባታ

የይለፍ ሐረግ ሲጠይቃችሁ ባዶ አትተዉት። ላፕቶፕ በታክሲም በአውቶቡስም ተይዞ የሚጓዝ ዕቃ ነው፤ ሊሰረቅ ይችላል። ሐረግ ያለው ቁልፍ የሰረቀው ሰው ፋይል እንጂ ቁልፍ አልያዘም።

ከዚያ በ«.ፐብ» የሚያልቀውን ፋይል ይዘት ገልብጣችሁ በጊትሃብ ላይ በሪፖዚተሪው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲፕሎይ ኪስ» ከሚለው ቦታ አስገቡት። የመጻፍ ፈቃድ የሚሰጠውን ሳጥን ባዶውን ተዉት፤ ኢሜጅ ለመገንባት ማንበብ ይበቃል። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚከፍተው አንድ ሪፖዚተሪ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሪፖዚተሪ ደግማችሁ ልታስመዘግቡት ብትሞክሩ ጊትሃብ አይቀበልም። የሚያስቸግር ቢመስልም ጥቅሙ የጎላ ነው፤ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ቤት ቁልፍ እንጂ የመንደሩ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ቁልፉን ለኤጀንት መስጠት

ኤስኤስኤች ኤጀንት ቁልፉን በማስታወሻው ይዞ፣ የሚፈልጉት ፕሮግራሞች ሲጠይቁት ፊርማ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቁልፉን ራሱን ለማንም አያስተላልፍም። ግንባታው «ይህን ፈርምልኝ» ይላል፤ ኤጀንቱ ግንባታው ከሚካሄድበት ኮንቴይነር ውጭ ሆኖ ይፈርማል፤ የተፈረመው ይመለሳል። ስለዚህ በኢሜጁ ውስጥ ሊቀር የሚችል ቁልፍ ከመጀመሪያውም አልገባም።

ኤጀንቱን አስነሱና ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ብቻ ስጡት፦

ኢቫል $(ኤስኤስኤች-ኤጀንት)
ኤስኤስኤች-አድ -ቲ 3600 ~/.ኤስኤስኤች/ግንባታ
ኤስኤስኤች-አድ -ኤል

«-ቲ 3600» ማለት ከ3600 ሰከንድ በኋላ ኤጀንቱ ቁልፉን ይርሳው ማለት ነው። በተለይ አንድ ዴስክቶፕ ለሁለት ሰው በሚያገለግልበት ክፍል ይህን ልማድ አድርጉት። ሦስተኛው ትእዛዝ ኤጀንቱ የያዛቸውን ቁልፎች ይዘረዝራል። ከግንባታው ቁልፍ ሌላ የራሳችሁ ዋና ቁልፍ ካለ ከዝርዝሩ አውጡት፤ ኤጀንቱ ለግንባታው ሲከፈት በዚያች ቅጽበት የሚሠራ ማንኛውም ስክሪፕት በያዘው ቁልፍ ሁሉ ማስፈረም ይችላል። ቁልፉን መስረቅ አይችልም፤ በቆይታው ግን ሊጠቀምበት ይችላል።

ሦስተኛ፦ የምናነጋግረው ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን ማረጋገጥ

ኤስኤስኤች የማያውቀውን ሰርቨር ሲያገኝ ይጠይቃል። በግንባታ ውስጥ የሚመልስለት ሰው ስለሌለ ሥራው ይቆማል። ከዚህ ለመውጣት በብዙ ዶከርፋይሎች ላይ የሚታየው የማረጋገጫውን ጥያቄ በጭራሽ መዝጋት ነው። ሌላው «ኤስኤስኤች-ኪስካን» የሚለውን ትእዛዝ በግንባታው ውስጥ አስገብቶ ሰርቨሩ ያቀረበውን ማንኛውንም መለያ መቀበል ነው። ሁለቱም «ማን እንደሆንክ ራስህ ንገረኝ፣ አምንሃለሁ» ከማለት አይለዩም።

ትክክለኛው መንገድ ከግንባታው ውጭ አንድ ጊዜ የሚሠራ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ኤስኤስኤች-ኪስካን ተጠቅማችሁ የጊትሃብን መለያ «ኖውን_ሆስትስ» በሚባል ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ቀጥሎ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ኤልኤፍ ኖውን_ሆስትስ» ብላችሁ አሻራውን አውጡና ጊትሃብ በይፋ ካሳተመው አሻራ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከተስማማ ፋይሉን ከዶከርፋይሉ ጎን አስቀምጡት። ይህ ፋይል ምስጢር ስላልሆነ ከኮዱ ጋር ቢመዘገብ ጉዳት የለውም።

መለያው አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይለወጣል። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 2023 አርኤስኤ የሚባለውን የሰርቨር ቁልፉን ለውጧል፤ ምክንያቱም የግል ቁልፉ ለአጭር ጊዜ በአንድ ክፍት ሪፖዚተሪ ላይ ታይቶ ነበር። ግንባታችሁ አንድ ቀን «መለያው ተለውጧል» ብሎ ቢቆም ፋይሉን ከማጥፋታችሁ በፊት የሰርቨሩን ባለቤት ይፋዊ ገጽ አንብቡ።

አንዳንድ የኢንተርኔት መስመሮች ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን 22 ቁጥር በር ይዘጋሉ። ግንኙነቱ ሳይከፈት ብዙ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ጥርጣሬያችሁን ወደዚያ አዙሩ። ጊትሃብ በ443 በርም ይቀበላል፤ አድራሻው እንዲህ ይሆናል፦

ኤስኤስኤች://ጊት@ኤስኤስኤች.ጊትሃብ.ኮም:443/ቡድን/ኮድ.ጊት

ያኔ በኖውን_ሆስትስ ፋይሉ ላይ ያለው ስምም ከነበሩ ቁጥር፣ ስሙ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ካልሆነ ኤስኤስኤች አያውቀውም።

አራተኛ፦ ዶከርፋይሉን መጻፍ

# ሲንታክስ=ዶከር/ዶከርፋይል:1
ፍሮም ዴቢያን:ቡክዎርም-ስሊም አዝ ማምጫ
ራን አፕት-ጌት አፕዴት && አፕት-ጌት ኢንስቶል -ዋይ ጊት ኦፕንኤስኤስኤች-ክላይንት
ኮፒ ኖውን_ሆስትስ /ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤች_ኖውን_ሆስትስ
አርግ ኮሚት
ራን --ማውንት=ታይፕ=ኤስኤስኤች,ሪኳየርድ=ትሩ ጊት ክሎን ጊት@ጊትሃብ.ኮም:ቡድን/ኮድ.ጊት /ኮድ && ሲዲ /ኮድ && ጊት ቼክአውት $ኮሚት

የመጨረሻዋ መስመር የነገሩ ሁሉ እምብርት ናት። «--ማውንት=ታይፕ=ኤስኤስኤች» ማለት ለዚህች ትእዛዝ ብቻ የኤጀንቱን በር ክፈት፣ ትእዛዙ ሲያልቅ ዝጋው ማለት ነው። የሚቀጥለው «ራን» በሩን አያየውም። «ሪኳየርድ=ትሩ» የሚለውን አትተዉት፤ እሱ ከሌለ ኤጀንቱን ማስተላለፍ ብትረሱ ግንባታው ይቀጥልና በኋላ ላይ ግራ በሚያጋባ የጊት ስህተት ይወድቃል።

ግንባታው የሚጠራው እንዲህ ነው፦

ዶከር ቢልድ --ኤስኤስኤች ዲፎልት --ቢልድ-አርግ ኮሚት=የኮሚቱ_መለያ -ቲ ማኅበር:1 .

በመጨረሻ ያለችው ነጥብ የትእዛዙ አካል ናት።

የኮሚቱን (ጊት የመዘገበውን የአንድ ለውጥ) መለያ በአርግ የማሳልፈው በምክንያት ነው። ዶከር ከዚህ በፊት የሠራውን መስመር ካልተለወጠ ካሽ ከሚባለው ክምችቱ ስለሚወስድ፣ «ጊት ክሎን» ብላችሁ ብራንች ብቻ ብትጠሩ አዲስ ኮሚት ቢገባም የድሮውን ኮድ ይሰጣችኋል። ባልደረባችሁ ያስተካከለው ስህተት ኢሜጁ ላይ ለምን አልታየም ብላችሁ ስትፈልጉ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የኮሚቱ መለያ ሲለወጥ ግን መስመሩ እንደገና ይሠራል። የአርጉ ቦታም ምክንያት አለው፤ ከአፕት-ጌት መስመር በታች ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ከላይ ቢሆን ኖሮ ኮሚት በተለወጠ ቁጥር ዴቢያን ጥቅሎቹን ዳግመኛ ከኢንተርኔት ያወርድ ነበር። በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ቡድን ይህ የአንድ መስመር ቅደም ተከተል ገንዘብ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ክፍል በዚያው ፋይል ላይ ጨምሩ። የመጀመሪያው ክፍል ኮዱን ያመጣል፣ ከክሎኑ በታች በምትጨምሩት የራሳችሁ የግንባታ «ራን» መስመር ይገነባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከንጹሕ ኢሜጅ ተነስቶ የተገነባውን ብቻ ይወስዳል፦

ፍሮም ዴቢያን:ቡክዎርም-ስሊም
ኮፒ --ፍሮም=ማምጫ /ኮድ/ውጤት /አፕ

ኤስኤስኤች ማውንት ቁልፉን ይጠብቃል እንጂ ኮዱን አይጠብቅም። በመጀመሪያው ክፍል ያለው «.ጊት» ፎልደር የሪፖዚተሪውን ሙሉ ታሪክ ይዟል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ተጽፎ የተሰረዘ የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል እንኳ እዚያ አለ። የግል ሪፖዚተሪ ያደረግነው ኮዱ የግል እንዲሆን ነውና፣ ለደንበኛ የሚሄደው ኢሜጅ ውስጥ ታሪኩ መኖር የለበትም።

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የግል ሪፖዚተሪ ካለ

የጋራ ላይብረሪ በአንዱ፣ ዋናው ኮድ በሌላው ሪፖዚተሪ መቀመጡ የተለመደ ነው። ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ኤጀንት ካስገባችሁ አንዱ ይሳካል፤ ሌላው «ሪፖዚተሪው አልተገኘም» ይላል። ሪፖዚተሪው ግን አለ። የሆነው ኤጀንቱ መጀመሪያ ያቀረበውን ቁልፍ ጊትሃብ አውቆ ተቀበለው፤ ቁልፉ ግን የዚያኛው ሪፖዚተሪ ነበር። ጊትሃብ ደግሞ ፈቃድ ለሌለው ሰው የግል ሪፖዚተሪ መኖሩን አይናገርም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱን ኤጀንት ማስነሳት ነው። «ኤስኤስኤች-ኤጀንት -ኤ» ብላችሁ የሶኬቱን (ፕሮግራሞች ኤጀንቱን የሚያነጋግሩበት በር) ፋይል ቦታ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ በግንባታው ትእዛዝ ላይ «--ኤስኤስኤች ዋና=የሶኬቱ_ቦታ --ኤስኤስኤች ላይብረሪ=የሌላው_ሶኬት_ቦታ» ትላላችሁ፤ በዶከርፋይሉም «--ማውንት=ታይፕ=ኤስኤስኤች,አይዲ=ዋና» ብላችሁ ትለያላችሁ። ከሶኬቱ ይልቅ የቁልፉን ፋይል በቀጥታ መስጠትም ይቻላል፤ ነገር ግን የይለፍ ሐረግ ያለውን ቁልፍ በዚህ መንገድ ቢልድኪት አይከፍተውም። ሐረጉን ለማንሳት ከመነሳሳት ይልቅ ኤጀንቱን መጠቀም ይሻላል።

ሪፖዚተሪዎቹ ከሦስት ከበለጡ ግን ቀጥሎ ያለው የቶክን መንገድ ይቀላል።

በቶክን መሥራት ለሚመርጡ

ጊትሃብ ከነሐሴ 13 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለጊት ሥራ የአካውንት የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ በኤችቲቲፒኤስ ለሚመጣ ቶክን ይጠይቃል። ቶክን ስትፈጥሩ «ፋይን-ግሬንድ» የሚባለውን ምረጡ። የሚከፍታቸውን ሪፖዚተሪዎች በስም ትመርጣላችሁ፣ ለ«ኮንቴንትስ» የማንበብ ፈቃድ ብቻ ትሰጣላችሁ፣ የሚያበቃበትንም ቀን ትወስናላችሁ። ቀኑ የሚሰላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ በቡድኑ የቀን መቁጠሪያ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር መዝግቡት፤ አለበለዚያ ርክክብ ባለበት ቀን ግንባታው ይቆምባችኋል።

ቶክኑን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ «ኔትአርሲ» በሚባል ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር አስቀምጡ፦

ማሺን ጊትሃብ.ኮም ሎግኢን የመለያ_ስም ፓስዎርድ ቶክኑ

«ሲኤችሞድ 600» ብላችሁ ከእናንተ ሌላ ማንም እንዳያነበው አድርጉ። ዶከርፋይሉ ላይ፦

ራን --ማውንት=ታይፕ=ሲክሬት,አይዲ=ኔትአርሲ,ታርጌት=/ሩት/.ኔትአርሲ,ሪኳየርድ=ትሩ ጊት ክሎን ኤችቲቲፒኤስ://ጊትሃብ.ኮም/ቡድን/ኮድ.ጊት /ኮድ

ሲጠራ፦

ዶከር ቢልድ --ሲክሬት አይዲ=ኔትአርሲ,ኤስአርሲ=/ሆም/እኔ/ምስጢር/ኔትአርሲ -ቲ ማኅበር:1 .

አድራሻው ውስጥ ቶክን እንደሌለ ልብ በሉ። ጊት ከፋይሉ ራሱ ያነበዋል፤ ፋይሉ ትእዛዙ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ይታያል፤ በንብርብሩ ላይ አይጻፍም። መብራት በመሃል ቢሄድ እንኳ ለመሰረዝ የሚጠብቅ ግልባጭ የለም። በዴቢያን ስሊም ላይ ለዚህ መንገድ «ሲኤ-ሰርቲፊኬትስ» የሚለውን ጥቅል መጫን አትርሱ፤ ያለሱ ጊት የኤችቲቲፒኤስን ሰርተፊኬት ማረጋገጥ አይችልም።

በዶከርፋይላችሁ ላይ «ዩዘር» ብላችሁ ከሩት ሌላ ተጠቃሚ ከመረጣችሁ ምስጢሩ ሊነበብ አይችልም፤ ዶከር ሌላ ካልተነገረው የምስጢሩን ባለቤት ሩት ያደርገዋልና። «ዩአይዲ=1000» ብላችሁ የተጠቃሚውን ቁጥር ጨምሩ፤ ታርጌቱንም ወደዚያ ተጠቃሚ ቤት አዙሩት።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ምስጢሩ በትክክል ገብቷል ወይ ብላችሁ በ«ካት» አታሳዩት። የግንባታው ዝርዝር በተርሚናልም በአውቶማቲክ ገንቢ ሰርቨርም ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። መኖሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ መጠኑን በ«ኤልኤስ -ኤል» እዩ፤ ይበቃል።

ግንባታችሁ በራሱ የሚሠራው በጊትላብ ከሆነ «ሲአይ_ጆብ_ቶክን» የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ሥራው ሲያልቅ ቶክኑም ይሞታል። በጊትሃብ አክሽንስ ደግሞ የሚሰጠው ቶክን የሚከፍተው ያንኑ ሪፖዚተሪ ብቻ ስለሆነ፣ ለሌላ የግል ሪፖዚተሪ የፈጠራችሁትን ቁልፍ በ«ሲክሬትስ» ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው።

የሚገባውን ማጥበብ

«.ዶከርኢግኖር» የሚል ፋይል ፍጠሩና ቢያንስ «.ጊት»፣ «.ኢኤንቪ» እና የቁልፍ ፋይሎችን አስገቡበት። «ኮፒ . .» የሚለው መስመር በፎልደሩ ያለውን ሁሉ ይወስዳል፤ ይህ ፋይል ብቻ ነው የሚከለክለው። ወደ ዶከር የሚላከው መጠን ስለሚቀንስ ግንባታውም ይፈጥናል።

ኢሜጁን ከመላክ በፊት መፈተሽ

በመጀመሪያ ከላይ ያየነውን «ዶከር ሂስትሪ --ኖ-ትረንክ» ስጡና እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ቀጥሎ ኢሜጁን በታር አውጡና ፍቱት፦

ዶከር ሴቭ ማኅበር:1 -ኦ ማኅበር.ታር

በውስጡ ያሉት ንብርብሮች ራሳቸው የታር ፋይሎች ናቸው፤ በአንዳንድ የዶከር አደረጃጀት ደግሞ ተጨምቀው ይወጣሉ። ስለዚህ በውጭኛው ፋይል ላይ «ግሬፕ» ብሎ ምንም አልተገኘም ማለት ማስረጃ አይሆንም። እያንዳንዱን ንብርብር ፈትታችሁ «ኦፕንኤስኤስኤች ፕራይቬት ኪ» የሚለውን ሐረግ፣ የቶክኑን መነሻ ፊደላትና «.ጊት» ፎልደርን ፈልጉ። ይህን በእጅ አንድ ጊዜ መሥራት ንብርብር ምን እንደሆነ በደንብ ያስተምራል፤ አዲስ ለተቀጠረ ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ትሪቪ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ይህንኑ ፍለጋ በራሱ ይሠራላችኋል፤ «ትሪቪ ኢሜጅ --ስካነርስ ሲክሬት ማኅበር:1» ብላችሁ ጥሩት። መሣሪያው የሚያውቀው የታወቁ ቅርጾችን ስለሆነ ራሳችሁ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል ላያውቅ ይችላል።

ቁልፉ ወጥቶ ከተገኘ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ኢሜጁን ከሬጂስትሪ (ኢሜጆች ከሚከማቹበት ሰርቨር) ለማጥፋት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ አይደለም። ኢሜጁን ያወረደ ሰው ካለ ማጥፋቱ እሱ ዘንድ ያለውን አይነካም። መጀመሪያ ቁልፉን ግደሉት፤ ጊትሃብ ላይ ገብታችሁ ዲፕሎይ ኪውን ወይም ቶክኑን ሰርዙ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮም የወጣው ግልባጭ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቀጥሎ አዲስ ቁልፍ ፍጠሩ፣ ኢሜጁን እንደገና ገንቡ፣ ሰርቨሩ ላይ ተኩ። አሮጌውን ከሬጂስትሪ ማጥፋት ከዚህ በኋላ ይመጣል። በሪፖዚተሪው ታሪክ ውስጥ የመረጃ ቋት ወይም የክፍያ ሥርዓት ምስጢር ከነበረ ያም አብሮ እንደወጣ ቁጠሩትና ለውጡት። ደንበኛው ማኅበር ከሆነ ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን በግልጽ ንገሩ፤ ገንዘቡ የአባላቱ ነው፣ የማወቅ መብት አላቸው።

ቁልፍ የሚገደለው በአደጋ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከቡድኑ አንድ ሰው ሲለቅ ከጊትሃብ አባልነቱ ብታስወጡት፣ እሱ ያስመዘገበው ዲፕሎይ ኪ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ቁልፉ የተመዘገበው በሰውየው ስም ሳይሆን በሪፖዚተሪው ላይ ነውና። በመልካም ቢለያዩም ግልባጩ ላፕቶፑ ላይ አለ። ስለዚህ የመጨረሻ ደመወዙን በምትከፍሉበት ዕለት የዲፕሎይ ኪዎቹን ዝርዝር ክፈቱ፣ እሱ የያዛቸውን ሰርዙ፣ በምትካቸው አዲስ አስመዝግቡና አንድ ግንባታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስኬዱ።